ከጉና የተመለሰው ብልቃጥ

ነጩን ጋዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩ ዕለት ደብረ ታቦር ላይ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ያለ አልመሰለኝም። የመጨረሻ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ነው። ከውስጥ ሁለት ሹራብ ስለደረብኩ ጋዋኑ አልቆለፍ ብሎ ፊት ለፊቱ ተከፍቶ ቀረ። ቢሆንም በመስታወቱ በር ላይ ራሴን ባየሁ ቁጥር አንገቴን ቀና አደርግ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ወረታ፣ ከሩዝ ማሳ ዳር ነው፤ ለእኔ ደብረ ታቦር ማለት ብርድ ማለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከደጃፉ ቀድሜ እገኛለሁ፤ በሩ እስኪከፈት መቆም ያቅተኝና ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ጓደኞቼ ልምምዱን እንደ ግዴታ ሲቆጥሩት እኔ እንደ ሠርግ ነበር የያዝኩት።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ራሳቸው ፋርማሲስት ናቸው፤ እትዬ ነበር የምላቸው። ቁጣቸው ቅርብ ነው፤ ሲበርድላቸው ግን ቂም አይተርፋቸውም። በመጀመሪያው ቀን ከባንኮኒው ኋላ አቁመው ሕጋቸውን ነገሩኝ። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንም ሰው የመድኃኒቱን አወሳሰድ በራሱ አፍ መልሶ ሳይነግረን ከባንኮኒው አይሄድም። ሁለተኛ፣ ለሰው የሚነገረው በሚያውቀው ነገር ነው።

ሁለተኛውን ሕግ በሥራ ላይ ያየሁት እዚያው ዕለት ነው። አንዲት እናት ለሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ታዞላት መጣች። እኔ ገና «ሰባት ቀን» ልል አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ዛሬ ትጀምሪና በገብርኤል ዋዜማ የመጨረሻውን ትውጫለሽ፤ ተሻለኝ ብለሽ ኪዳነ ምሕረት ላይ እንዳታቆሚ አሏት። ሴትዮዋ አንዲት ቃል ሳትስት መለሰችላቸው። ቀን በጣት መቁጠር አያስፈልጋትም፤ በዓሉን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳታል። እኔ ይህን ያህል ዓመት ስማር ይህን ማንም ያልነገረኝ ምነው ብዬ ተንገበገብኩ። በዚያው ሳምንት የወሩን በዓላት ከልደታ ጀምሬ በቃሌ ያዝኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ እል ነበር እንጂ ግማሹን አላውቀውም ኖሯል።

ገበሬዎቹ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ «ኧረ ዶክተር አይደለሁም» እያልኩ እከራከር ነበር። ውሎ ሲያድር ጆሮዬ ለመደውና ክርክሩን ተውኩት። እትዬ ግን ሰው ዶክተር ባለኝ ቁጥር በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ያዩኛል። ያን ጊዜ ቶሎ ብዬ መደርደሪያ ማበስ እጀምራለሁ።

ከሥራው ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ፍሪጁ ነው። ኢንሱሊን፣ የዓይን ጠብታና ብርድ የሚሻ ሌላውም መድኃኒት እዚያ ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን ማየት የእኔ ድርሻ ሆነ። ከሁለት ዲግሪ በታች እንዳይወርድ፣ ከስምንት በላይ እንዳይወጣ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ የፍሪጁን በር ማንም እንዳይከፍት ዘብ እቆማለሁ። እትዬ እየሳቁ ከፍሪጁ ጋር ቃል ኪዳን እሰሪ ይሉኝ ነበር። እኔ ዓይኔ ስምንቱ ላይ ነው፤ የሞቃት አገር ልጅ ነኝና ጠላቴ ሙቀት ብቻ ነበር። ከታች ያለውን ሁለትን ለምን እንደ ጻፉት ልብ ብዬ አላውቅም።

የጉናውን አባት ያወቅኋቸው በዚህ ፍሪጅ የተነሳ ነው። ረጅም፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የሚለብሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ገበሬ ናቸው። የስኳር ሕመም ላለባት ልጃቸው ኢንሱሊን ለመውሰድ በየጊዜው ከጉና ተራራ ጥግ በበቅሎ ይወርዳሉ። ልጅቱ ገና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት እትዬ በሕጋቸው መሠረት መልሰው ይንገሩኝ ቢሏቸው እንደ ዳዊት ደገሙልን። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ እሳት አይቅረበው፣ ፀሐይ አይየው፣ ምግብ ሳይቀርብላት አትወጋ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ከሄዱ በኋላ ሁሉም ሰው እንደ እሳቸው ቢሆን የእኛ ሥራ ምን ይሆን ነበር ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው።

ታኅሣሥ ላይ፣ የገበያ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እኚሁ ሰው እንደገና ገቡ። እኔ እንደ ዘመድ በደስታ ተቀበልኳቸው። እሳቸው ግን ለወትሮው የማይቀረውን ረጅም ሰላምታቸውን አሳጥረው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ስፈታው ያልተከፈቱና የተጀመሩ የኢንሱሊን ብልቃጦች ናቸው።

«ይህን ለሌላ በሽተኛ ስጡልኝ» አሉ። «ለእኔዋ ልጅ እምቢ ብሏታል። ሌላውን ሰው ይጥቀመው።»

ልጅቱ አብራቸው መጥታለች። ከደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ትጋታለች። ቀሚሷ የሌላ ሰው ይመስል ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። አባትየው ቀስ ብለው አስረዱን። ከኅዳር ወዲህ መርፌውን አንድም ቀን አላጓደሉባትም። መጠኑም ተጨምሮላታል። እሷ ግን ትከሳለች፣ ውሃ ውሃ ትላለች፣ ሌሊቱን በሽንት ስትመላለስ ታድራለች። ስለዚህ መድኃኒቱን ተውት። አሁን ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃውን ሊሞክሩላት ነው፤ እስከ ልደት እዚያው ይሰነብታሉ። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል።

እትዬ ልጅቱን ጠርተው ጣቷን ወጉና የስኳር መለኪያውን አስነኩት። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም፤ ከምችለው በላይ ነው የሚለውን ምልክት ብቻ አወጣ። እትዬ ወደ ኋላ ስበው በጆሮዬ ነገሩኝ። የዚህች ልጅ ሰውነት የራሱ ኢንሱሊን የለውም፤ መርፌውን ትታ ወንዛዬ ከወረደች ለልደት አትደርስም። አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለባት። ይህንኑ ለአባትየው በለሰለሰ ቃል ነገሯቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

«እሺ፣ እንሂድ። እዚያስ የሚሰጡኝ ይህንኑ አይደለም? ይኸው መድኃኒት አይደለም እምቢ ያላት?»

እውነታቸውን ነው። ዛሬ ሆስፒታል ቢያስተኟት፣ ተሽሏት ወደ ጉና ስትመለስ ያው ብልቃጥ፣ ያው መርፌ፣ ያው ክሳት ይጠብቃታል። ያን ጊዜ ደግሞ እኚህን ሰው ማንም አይመልሳቸውም። እትዬ ባጃጅ ለመጥራት ስልካቸውን ሲያነሱ እኔ ከጨርቁ ላይ አንዱን ብልቃጥ አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት እንኳ አላውቅም፤ እጄ ሥራ ፈትቶ መቆም አይችልም። በሁለት መዳፌ መካከል እንደተማርኩት አንከባለልኩትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት።

ይህ ዓይነቱ ኢንሱሊን ሲያንከባልሉት እንደ ወተት አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። ይኼኛው ግን የተበጣጠሰ ወተት ነው የሚመስለው። ጥቃቅን ነጭ ፍርፋሪ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ሌላውን አነሳሁ፤ ያው። ሦስተኛውም ያው። መድኃኒቱ እምቢ አላላትም፣ ተበላሽቷል። የቀረኝ ምን እንዳበላሸው ማወቅ ነው።

እኔ መቼም ሙቀት ፍለጋ ነው የሄድኩት። ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡታል? አያስቀምጡም። መንገድ ላይ ፀሐይ ያገኘዋል? በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጥላ ጥላውን ይዘው ነው የሚመጡት። ቤቱ ቆርቆሮ ነው? ሣር ነው። ጥያቄዬ እየበዛ ሲሄድ ሰውየው ለእኔ ማዘን ጀመሩ።

«ልጄ፣ እኛ አገር ሙቀት ከየት ይመጣል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

ታዲያ የት ነው የሚያስቀምጡት አልኳቸው። ከገቡ ጀምሮ ያላየሁት ኩራት ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ መጣ። ከቤታቸው ውጭ፣ ነፋስ በሚመታው በኩል፣ ከጣሪያው ክፍክፍ ሥር፣ በድንጋይ ትንሽ ቤት ሠርተውለታል። ቀን ፀሐይ እንዳያየው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይከድኑበታል፤ ሲመሽ ብርዱ በደንብ እንዲያገኘው ክዳኑን ያነሱለታል። ባለቤታቸው ቤት ውስጥ ይሁን ብትላቸው እንኳ እምቢ ብለዋል።

«ቀዝቃዛ ቦታ ብላችሁኝ የለም? ጉና ላይ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም። ጠዋት ሳወጣው ጣቴን ያቃጥለኛል፤ ጎሽ እላለሁ። ከዚያ ልጅቱ እስኪሟሟ ድረስ በብብቷ ትይዘዋለች።»

«ምኑ እስኪሟሟ?» አልኩ።

«መድኃኒቱ ነዋ» አለች ልጅቱ። እስከዚያ ድረስ ድምፅዋን አልሰማሁትም ነበር። «ጠዋት በረዶ ይሆናል።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ልጅ ታማ ፊቴ ተቀምጣ እኔ ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም። ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ሁለት፣ በየቀኑ ሳየው የነበረው፣ ያለ ምክንያት የተጻፈ የመሰለኝ የዚያ ቁጥር ምክንያቱ እዚህ ጋ ነበር። ኢንሱሊንን ከሙቀት ይልቅ በረዶ ነው የሚገድለው፤ አንዴ ከረጋ በኋላ ቢሟሟ ዋጋ የለውም። መጽሐፌ ላይ አስምሬበት፣ በፈተናም መልሼው ነበር። ግን በፈተና መልሼ የማውቀው ነገር አንድ ቀን ከጉና በበቅሎ ወርዶ ባንኮኒ ላይ ይቀመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬም ሰምተዋል፤ ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው እኔን ያያሉ። ንገሪያቸው ማለታቸው ነው። እኔ ስለ ሞለኪውል ልጀምር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሁለተኛው ሕግ ትዝ አለኝ።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ድንቹ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

እብድ እንደሚያዩ አዩኝ። ቢሆንም ለተጠየቁት መመለስ ልማዳቸው ነው። «ግማሹን ውርጭ መታብን» አሉ።

«ውርጭ የመታው ድንች በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኝ ይመለሳል?»

«ኧረ የት ይመለሳል። ጠቁሮ፣ ውሃ ሆኖ ይቀራል እንጂ። ቢቀቅሉትም ድንች አይሆን።»

ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አነሳሁላቸውና ፍርፋሪውን በጣቴ አሳየኋቸው። «ይህንንም ውርጭ መትቶታል። ሲሟሟ ውሃው ይመለሳል እንጂ ጉልበቱ አይመለስም። ልጅዎን መድኃኒቱ እምቢ አላላትም፤ ከኅዳር ወዲህ ያገኘችው መርፌውን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም።»

ገበሬ ናቸውና ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ብልቃጡን ከእጄ ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲያ እኔው ነኛ» አሉ። «ሳጎድልባት የኖርኩ እኔ ነኝ።»

ደስታዬ ጠፋ። ነገሩን በማግኘቴ ተደሰትኩ እንጂ፣ ያገኘሁት ጥፋት ባለቤት እንዳለው አላሰብኩም ነበር። ማታ ማታ በዚያ ብርድ እየወጡ የድንጋይ ክዳን የሚያነሱ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ የሚያደርጉት ለእሷ ነው። ዓይኔን ወደ እትዬ መለስኩ። እትዬ ከባንኮኒው ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ከባንኮኒ ወጥተው ከገዢ ጎን ሲቀመጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«አንቱ አላጎደሉም» አሏቸው። «እኛ ቀዝቃዛ አልንዎ፣ ልኩን አልነገርንዎም። አንቱ ከነገርንዎ በላይ ታዘዙ። አሁን ልጅቱን እናንሳ።»

ባጃጁ ደጃፍ ደርሶ ነበር። እትዬ ጋዋንሽን ሳታወልቂ አብረሻቸው ሂጂ፣ የሆነውን ለሐኪሞቹ አንቺው አስረጂ አሉኝ። አንዱን ብልቃጥ ለማስረጃ ይዤ ዘልዬ ገባሁ። የገበያው ሰው፣ አህያውና የበጉ መንጋ መንገዱን ዘግቶብን ባጃጁ ጡሩንባውን እያስጮኸ ሲሽሎከሎክ ልጅቱ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ተረኛው ሐኪም ብልቃጡን አንከባለለው፣ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወዲያው አስተኟት። ጉሉኮስ ሳይሆን ጨው ያለበት ውሃና ደህና ኢንሱሊን በደም ሥሯ ተጀመረላት። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ ሂጂ ያለኝም የለም። ቀኑ ሲያዘነብል እንደገና ለኳት። መሣሪያው ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ ገና በጣም ከፍተኛ ነው፤ ግን ቁጥር ነው። በሕይወቴ ቁጥር አይቼ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። አባትየው ምን እንደሆነ ባያውቁም የእኔን ፊት አይተው አማተቡ።

መድኃኒት ቤት ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር ማለት ይቻላል። እትዬ ጎሽ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ የማታውን ቴርሞሜትር ማን ሊያየው ነበር ብለው ተቆጡኝ። ሄጄ አየሁት። ያን ቀን መጀመሪያ ያየሁት ከታች ያለውን ቁጥር ነው። ዛሬም ልማዴ ሆኖ ቀርቷል።

ልጅቱ ከሆስፒታል ስትወጣ በእኛ በኩል አለፉ። አዲሱን ኢንሱሊን ስሰጣቸው በዚህ ጊዜ ቀዝቃዛ ቦታ ብዬ አልጨረስኩም። ቤቱ እንዴት ነው፣ ከብቱ የት ያድራል፣ ምድጃው በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅሁ። ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ባለው ጎታ፣ ገብሱ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው እንዲቀብሩት ተስማማን። ገብሱ ከሙቀትም ከውርጭም ይጠብቀዋል። እንደ ዳዊት ደገሙልኝ። ወንዛዬስ ብለው እትዬን ጠየቋቸው፤ እትዬ ውሃው መልካም ነው፣ መርፌውን ይዛችሁ ውረዱ አሏቸው።

ልምምዴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አባትና ልጅ ተያይዘው መጡ። ልጅቱን አላወቅኋትም። ጉንጯ ሞልቷል፣ ቀሚሱ የራሷ ሆኗል፤ ደረጃው ላይ መቀመጥ ትታ ባንኮኒው ላይ ክንዷን አስደግፋ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ምንድን ነው ትለኛለች። እኔም አንድ በአንድ እመልስላታለሁ፤ ሁለታችንም ዝም ማለት አንችልም። ይዘው የመጡትን ብልቃጥ አንከባለልኩት። አንድ ወጥ ነጭ ነው። ፍርፋሪ የለውም።

ጎታው ጥሩ ሆነ ማለት ነው አልኳቸው። አባትየው ዓይናቸውን ወደ መደርደሪያው አሸሹ።

«ጎታው ደህና ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ገብሱን ያላመንኩት። በጥምቀት ሰሞን ያ ውርጭ ሲመጣ ጊዜ . . .»

አልጨረሱትም። ልጅቱ ጨረሰችላቸው።

«በእናቴና በአባቴ መካከል ነው የሚያድር» አለችኝ። «እኔ ትንሽ ሳለሁ የምተኛበት ቦታ።»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። እኔ ሳቅሁ፣ ሳቄ ውስጥ እንባ ገባበት። ጋዋን ለብሼ ሰው ፊት ላለማልቀስ ወደ ፍሪጁ ዞርኩ። ከዚያ ተመልሼ፣ የሁለት ሰው ገላ ደግሞ ለመድኃኒቱ ከልክ ያለፈ ሙቀት እንደሚሆንበት፣ ወደ ጎታው መመለስ እንዳለበት፣ ገብሱም የሚታመን እንደሆነ ነገርኳቸው። አባትየው አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ።

«መልሰው ይንገሩኝ» አልኳቸው።